በሻሼ ሥር የተሻገረው ቅቤ

ልጅ ሳለሁ አንድ ነገር ለዘጠኝ ቀን ሳልናገር ሆዴ ውስጥ ይዤ ቆይቻለሁ። የሰፈሬ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። የማን በሬ ወደየት እንደተነዳ፣ የማን ልጅ በማን አጥር እንደዘለለች ከባለቤቱ ቀድሜ እንደማውቅ፣ ካወቅሁም ጀምበር ሳትጠልቅ ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም እንደማደርስ ሱሉልታ ሁሉ ያውቃል። ሐሜት አይደለም። ጎረቤት ጎረቤቱን ካላየ ማን ሊያየው ነው? ዘጠኙ ቀን ግን እውነት ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ጤናዬም አልቻለውም ነበር።

ያኔ ሱሉልታ ሜዳ ነበር። ዛሬ ሚኒባሱ በሚጋፋበት የጎጃም መንገድ በቀን ሦስት መኪና ቢያልፍ ነው፣ ሲያልፍም ሮጠን ወጥተን እናየዋለን። የኤሌክትሪክ መብራት ከእንጦጦ ወዲያ ያሉ ሰዎች ነገር ነበር። ሲመሽ ከተራራው ጀርባ ሰማዩ ቀላ ይልና «የአዲስ አበባ መብራት ነው» ይሉናል፤ እኔ ግን ከተማው ሲቃጠል ሰው ሁሉ ለምን ቁጭ ብሎ እንደሚያይ ግራ ይገባኝ ነበር። እኛ ጋ ያለው ኩራዝ ነው፦ ክዳኑ በምስማር የተበሳ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ በቀዳዳው ከአሮጌ ጋቢ የተመዘዘ ክር፣ ከውስጡ ላምባ። ከብርሃኑ ጭሱ ይበልጣል። ጠዋት ስንነሳ የሁላችንም የአፍንጫ ቀዳዳ ጥላሸት ነው። ምንጭ ወርደን ውሃ ስንቀዳ የየሰዉን አፍንጫ እያየሁ፣ ማን ቤት ሲጫወቱ እንዳመሹ፣ ማን ቤት ላምባ አልቆ በጊዜ እንደተኙ እለይ ነበር። ዓይኔ የተሳለው ያኔ ነው።

ኩራዙን የሚሠሩልን ኦቦ ቱፋ ነበሩ፤ ከአጥራችን ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ የላቸውም። ሐሙስ ሐሙስ በመንገዱ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች ባዶ ጣሳ ሰብስበው በጆንያ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ሲመለሱ ደጃችን ቆመው ውሃ ይጠይቃሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሳምንቱን ሙሉ ሲቀጠቅጡና ሲቆርጡ ይሰማል። ሰው ሁሉ ኩራዛቸውን ይገዛል፤ በኩራዙ ብርሃን ሲበላ ግን እሳቸው እንዲያዩት አይፈልግም። በእኛ አገር ያኔ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዓይኑ ይፈራ ነበር። እማዬ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ኦቦ ቱፋ «አካም ኦልቴ» ብለው ሰላምታ ሲሰጧት «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች በነጠላዋ ጫፍ የወተቱን ቅል ትሸፍናለች። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ነው የምታደርገው። እሳቸው አያዩም ብላ ታስብ ነበር። ያዩ ነበር።

እኛ ልጆች ግን አንፈራቸውም። ተረት የነበራቸው እሳቸው ናቸዋ!

ጥጆቹ ታስረው፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ስድስት ሰባት ሆነን በአጥሩ ቀዳዳ እንሾልክና ከምድጃቸው ዙሪያ እንደ ጫጩት እንሰበሰባለን፤ የኩበቱ ፍም አመድ ለብሶ ከሥሩ ቀላ ይላል፣ የተቆራረጠው ቆርቆሮ በየግድግዳው ጥግ የኩራዙን ነበልባል እየተቀበለ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኦቦ ቱፋም ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዱሪ ዱሪ»፣ ድሮ ድሮ ማለት ነው፣ ሲሉ፣ ያኔ፣ ቤታችንንም እናታችንንም እንረሳ ነበር። ተረታቸው ግን ሕግ ነበረው። ቀን አይወራም፤ ቀን ተረት ያወራ ከብቱ መንገድ ይስትበታል። በጨለማም አይወራም፤ ወራቤሳ፣ ጅቡ ማለት ነው፣ በጨለማ ስሙ ሲነሳ ከሰማ «ማነው የሚያማኝ?» ብሎ ይመጣል። መብራት ካለ ግን ያፍራል። ስለዚህ ልጅ ሁሉ በየተራው አንድ ስኒ ላምባ ይዞ መምጣት አለበት፤ ላምባው ያለቀ ጊዜ ተረቱ ያለበት ቦታ ላይ ይቆማል። ቀልድ የለም። አንድ ጊዜ ዝንጀሮዋ እጇን ማሰሮ ውስጥ እንደከተተች ላምባ አልቆ ዝንጀሮዋ ሦስት ቀን እንደዚያው ቆማለች።

ሌላዋ የሰፈራችን ሕግ አውጪ እትዬ አስካለ ነበረች። እትዬ አስካለ ሁሉንም ታውቃለች። ከጀምበር በኋላ ቤት አይጠረግም፣ በረከት ይወጣል። ከጀምበር በኋላ ጨውና መርፌ አይሰጥም። አይፏጭም፣ እባብ ይመጣል። ደፍ ላይ አይቀመጥም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጀምበር በኋላ ከቤት እሳት አይወጣም፤ እሳት ከወጣ የላሟ ቅቤ አብሮት ይሄዳል። እሷ ቤት ሲመሽ የሚፈቀደው መተንፈስ ብቻ ነበር። ባሏ ጥሏት የሄደው ስለዚህ ነው ይባላል። እኔ አላልኩም፣ ይባላል ነው ያልኩት።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ሁዳዴ ጾም እንደገባ ላምባ ጠፋ። የቀበሌው ሱቅ ፊት ሰልፍ እንጂ ላምባ የለም። የጠፋበት ሳምንት ደግሞ ኦቦ ቱፋ አንድ አዲስ ተረት ጀምረውልን ነበር። አንዲት አህያ ሜዳ ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። አህዮች ሁሉ ለቅሶ ተቀመጡ። ወራቤሳም ነጠላውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቆ መጣና ከቤተ ዘመዱ በላይ እየጮኸ አለቀሰ። ንፍሮ ሲያቀርቡለት «ሆዴ እንቢ አለኝ፣ ትናንት ደህና አድርጌ በልቼ ነበር» አለ። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲበተን የሟቿ ውርንጭላ ወደ ወራቤሳ ቀረበና፣ «አያ ወራቤሳ፣ ከዘመድ ሁሉ በላይ ያለቀስከው አንተ ነህ። ለመሆኑ እናቴ ምንህ ናት?» ብሎ ጠየቀው።

እፍ። ኩራዙ ጠፋ።

«በሉ ቤታችሁ ግቡ» አሉ ኦቦ ቱፋ።

«ምን አለው? ምን ብሎ መለሰለት?»

«ላምባ ሲመጣ ይመልስለታል።»

ሌሎቹ ልጆች እንቅልፋቸውን ተኙ። እኔ አልተኛሁም። ሰው ጠይቆ መልሱን ሳልሰማ መቅረት ለእኔ ዛሬም በሽታ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሕፃን ነበርኩ፣ የባሰ ነበር። ቀን ላም ስጠብቅ «ምን አለው?» እያልኩ ለላሟ እጠይቃለሁ። በሳምንቱ ኦቦ ቱፋን በአጥሩ ስለማመጣቸው ቆርቆሯቸውን እየቆረጡ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ «ማሎ፣ ምን ላድርግሽ ልጄ? ድሮ ላምባ ሳይመጣ አያቶቻችን በሞራ ያበሩ ነበር፤ ያለው በቅቤ ያበራ ነበር። እኔ ሞራም ቅቤም የለኝ» አሉኝ።

አሁን ልብ በሉ። እሳቸው ቅቤ አምጪ አላሉም። ይህንን ዛሬም ቢሆን ማንም ፊት እምላለሁ።

እኛ ቤት ሁለት የሚታለቡ ላሞች ነበሩ። ጾም ስለሆነ ወተቱ አይጠጣም፤ ይረጋና በየሦስት ቀኑ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይጠራቀማል። የምንጠው እኔ ነበርኩ። ቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ክንዴ እስኪዝል። ቅቤው ወጥቶ ሲንሳፈፍ «እማዬ፣ ወጣ!» ብዬ ስጠራ ትመጣና ሰብስባ ታወጣዋለች። ያን ቀን ከመጥራቴ በፊት እንቁላል የምታህል ቅቤ ዘገንኩና ፀጉሬ ውስጥ ሸጉጬ ሻሼን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩባት። በእኛ አገር የሴት ልጅ ራስ ቅቤ ቅቤ ቢል ማን ይገረማል? ለፀጉር ጾም የለውም። እንደዚያ ሆኜ በእማዬ ፊት አልፌ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ተሻገርኩ። ቅቤው በጆሮዬ ሥር እየወረደ አንገቴ ገብቶ ነበር፤ የቀረውን ግን አደረስኩ።

ኦቦ ቱፋ ቅቤውን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ።

«ማን ሰጠሽ?»

«እማዬ ናት። ለኦቦ ቱፋ ስጪ አለችኝ።»

ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ኦቦ ቱፋ ቅቤውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ መልሰው አዩት። በኋላ ቆጥሬ ስደርስበት፣ በዚያ መንደር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ካንድ ቤት ወተት ወይም ቅቤ ተልኮላቸው አያውቅም ነበር። ያኔ ግን አልገባኝም፤ ዓይናቸው እንባ ያቀረረው ከጭሱ መስሎኝ ነበር። «እናትሽ ላከች?» አሉ ደግመው። «ገላቶሚ በያት። እግዜር ይስጥልኝ በያት።» አልነገርኳትም፣ እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ?

በጣሳ ክዳን ላይ ቅቤውን አቅልጠው የጥጥ ፈትል ነከሩበትና ለኮሱት። ተንጣጣ፣ ተንተረከከ፣ በራ። ሽታውን ግን የሚችለው የለም። ሁዳዴ፣ ሆዳችን ሽሮ ብቻ፣ ቤቱ በሙሉ የፋሲካ ጠዋት ሸተተ። አንዷ ልጅ አፍንጫዋን ይዛ «ኦቦ ቱፋ፣ ማሽተት ጾም ያስገድፋል?» ብትላቸው «አፍንጫ አይጾምም፣ ዝም ብለሽ አሽትቺ» አሏት። ከዚያ «ዱሪ ዱሪ፣ አንዲት አህያ...» ብለው ጀመሩ።

«አህያዋን እናውቃታለን! ጥያቄው ላይ ነው የቆምነው!» አልኩ።

«ተረት ከወገቡ አይጀመርም» አሉኝ፤ «ከእግሩ ነው የሚነሳው።»

አህያዋ ጠፋች፣ ለቅሶው ተቀመጠ፣ ወራቤሳ ነጠላውን አዘቀዘቀ፣ ንፍሮው ቀረበ፣ ውርንጭላው ተጠጋ፣ «ለመሆኑ እናቴ ምንህ ናት?» አለ። ቅቤው አለቀ።

በሚቀጥለው መናጥ ጭብጤን የሚያህል ወሰድኩ። እሳቸው ከእግሩ አነሱት፤ ደግሞ ለቅሶውን አረዘሙት፣ አልቃሾቹን አንድ በአንድ እያለቀሱ አሳዩን፤ ውርንጭላው አፉን ሲከፍት ጨለማ። በሦስተኛው ሁለት ጭብጥ ወሰድኩ። ያን ቀን ሻሼ እንደ መሶብ ክዳን ቆሞ ነበር። ንፍሮው ላይ ደርሰን አንዱ ልጅ ሲያስነጥስ ነበልባሉ ጠፋ፤ ቅቤውም ተደፋ። እኔ አለቀስኩ። ከወራቤሳው የበለጠ ነው ያለቀስኩት።

እማዬ ደግሞ በበኩሏ ሌላ ለቅሶ ላይ ነበረች። «ካንድ ቅል ሙሉ እርጎ ይቺ ብቻ? ቅቤዬን ምን ዋጠው?» ቅሉን በወይራ ጭስ ደጋግማ አጠነችው። የላሞቹን ግጦሽ ቀየረች። ለፋሲካ የምታስቀምጠው ማሰሮ ከግማሽ አልፎ አልሄደም። አንድ ቀን ታዲያ ፀጉሬ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ አየችና «ማነው እንዲህ አድርጎ የቀባሽ?» አለችኝ።

«እትዬ አስካለ» አልኩ። መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣልኝ ስም እሱ ነው። ችግሩ የእትዬ አስካለ ላም ከነጠፈች ሁለት ወር ሆኗታል። ይህንን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ለመንደሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለካ እማዬም ሰምታለች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ።

በማግስቱ እማዬ በዘዴ፣ ማለት በእማዬ ዘዴ፣ አጥር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ላምሽ ነጥፋ ቅቤ ከየት አግኝተሽ ነው የሰው ልጅ የምትቀቢው?» አለቻት።

እትዬ አስካለ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «እኔ? እኔን? ማርያምን አልቀባኋትም! ልጅ ምኑን ታውቃለች፣ እኔን ተመስሎ የቀባት ሌላ ሰው ነው!» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ቅቤሽ የሄደው በዓይን ነው። ከአጥርሽ ወዲያ ማን እንዳለ አታውቂም? መዶሻው ሲጮህ አትሰሚም?»

ከእሷ ላይ የወረደው ጥርጣሬ ኦቦ ቱፋ ላይ ወጣ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ እንደ ቁንጫ ነው የዘለለው።

መድኃኒቱንም እሷው አዘዘች። ሐሙስ ከሰዓት እማዬ ራሷ ትንጣለች፤ ስትንጥ አሮጌ ማጭድ ምድጃ ውስጥ ይግላል። ብረቱ ሲግል ቅቤ የወሰደውን ሰው ሆዱን ያቃጥለዋል፣ መቆሚያ መቀመጫ ያጣል፣ ሳይጠራ ይመጣል፣ መጥቶም አንድ ነገር ይለምናል። ቀድሞ መጥቶ የለመነ እሱ ነው። ያኔ በሰው ፊት ስሙ ይጠራል። እትዬ አስካለ ሐሙስን ለምን እንደመረጠች ማንም አልጠየቀም። እኔ ግን ሐሙስ ከሰዓት ጆንያውን ተሸክሞ ደጃችን ላይ ውሃ የሚለምን ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ስሙ ከተጠራ ምን እንደሚመጣም አውቅ ነበር። ከእሳቸው በፊት አንዲት ሸክላ ሠሪ እንዲሁ ስሟ ተጠርቶ ነበር። ማንም አልመታት፣ ማንም አልሰደባት። ብቻ እሳት የሚሰጣት፣ ድስቷን የሚገዛት፣ ስትታመም ደጇን የሚከፍት ጠፋ። አንድ ጠዋት ቤቷን ዘግታ ሄደች። ቤቱ ፈርሶ ፍየል ይውልበት ነበር።

እንዳልናገር እማዬን ፈራሁ። ዝም እንዳልል ደግሞ ኦቦ ቱፋ አሉ፤ ወራቤሳው ገና መልስ አልሰጠም። ሆዴ ተነፋ፤ እማዬ ኮሶ ታየኝ እንደሆነ አሰበች።

ሐሙስ ደረሰ። እማዬ ቅሉን አቅፋ ትንጣለች። እትዬ አስካለ ፍሙን እያራገበች ማጭዱን ታገላብጣለች። አራት አምስት ሴቶች «እንዲያው ለሰላምታ» ብለው መጥተው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ማጭዱ ቀላ። «አሁን» አለች እትዬ አስካለ፣ «አሁን ሆዱ ውስጥ ገባ።»

ወጣሁና ሮጥኩ። መንገድ ላይ አግኝቻቸው «ዛሬ በእኛ ደጅ አይለፉ» ልላቸው ነው። እስከ አስፋልቱ ድረስ፣ በጭቃው፣ በእሾሁ። ሻይ ቤቶቹ ጋ የሉም። «ዛሬ ጣሳ አልወሰዱም፣ ሥራ አለኝ ብለው በጠዋት ቤታቸው ገቡ» አለችኝ አንዷ። ወደ ቤታቸው ሮጥኩ፣ በሩ ዝግ ነው። ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራትም፤ ወደ ቤት ዘልዬ ገባሁና ደፉ ላይ ወድቄ «ውሃ! ውሃ ስጡኝ!» አልኩ።

ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ከዚያ እትዬ አስካለ በእጇ ገፋ አደረገችኝ። «ወግጂ ከመንገድ! አንቺ የቤት ነሽ፣ አትቆጠሪም!»

ከወደ አጥሩ ሳል ተሰማ። ኦቦ ቱፋ ዛሬ በደጁ አልመጡም፣ በእኛ በልጆቹ ቀዳዳ ጎንበስ ብለው ነው የገቡት። ንጹሕ ጋቢ ለብሰዋል። እጃቸው ላይ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል።

«አካም ኦልታን» አሉ ለሁሉም። የመለሰ የለም። እሳቸው ግን ደስታ ጆሯቸውን ደፍኖታል መሰለኝ ወደ እማዬ ተጠጉ። «ልጄ፣ ቅቤሽ ቤቴን አበራልኝ። ላመሰግንሽ ሳልመጣ የቆየሁት እጄ ይህን እስኪጨርስ ነው።» ጨርቁን ገለጡት። ኩራዝ ነው፤ ግን እንደሱ ያለ ኩራዝ አይቼ አላውቅም። አፉ ሰፊ፣ ቅቤው እንዳይረጋ ነበልባሉን ወደ ታች የሚመልስ የቆርቆሮ ጥላ ያለው፣ መያዣው እንደ ዶሮ ላባ የተቀረጸ። «የቅቤ ኩራዝ ነው። ለአንቺ ነው የሠራሁት። ትንሽ እሳት ብትሰጪኝ አብርቼ አሳይሽ ነበር።»

ከሚለመን ሁሉ እሳት!

«አንተ!» አለች እትዬ አስካለ። አንቱታው ቀረ። «አፉ ሲናገር ሰማችሁ? ቤቴን አበራው አለ! ዓይንህ የወሰደው ሳያንስ...»

«እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘጠኝ ቀን የያዝኩት ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። እንቁላሉን፣ ጭብጡን፣ ሁለት ጭብጡን፣ ሻሹን፣ አህያዋን፣ ንፍሮውን፣ ያስነጠሰውን ልጅ። «እማዬ አልላከችም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁ! ብረቱም ልክ ነው፣ ቀድሜ የመጣሁ እኔ ነኝ፣ ውሃም ለምኛለሁ!» እማዬ ቅሉን አስቀመጠችና ሻሼን ፈታችው። አፍንጫዋን ፀጉሬ ውስጥ ከተተች። የራሷን የወይራ ጭስ እሷ ካላወቀች ማን ሊያውቅላት ነው? ከዚያ ቆነጠጠችኝ። የጭኔን ነገር አላወራም፤ ከዘጠኙ ቀን ጋር ሲተያይ ግን እፎይታ ነበር።

እትዬ አስካለ ደረቷን ነፋች። «አላልኩም? ብረት አይዋሽም! ሌባዋን ጎትቶ አመጣት! ቅቤው በእሳት ነው የሄደ አላልኩም? በእሳት አይደለም የሄደው?» ይህን ነገር ለዓመታት አስቤ መልስ አላገኘሁለትም። በእሳት ነው የሄደው። ብረቱም ያመጣው እኔን ነው። እትዬ አስካለ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሦስት ቀበሌ ታማክር ነበር።

ኦቦ ቱፋ ግን ቆመው ቀሩ። «እንግዲያው» አሉ ቀስ ብለው፣ «የላክሽው አንቺ አይደለሽም።» ኩራዙን መሬት ላይ አስቀመጡት፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ወደ ቀዳዳው ዞሩ።

እማዬ ኩራዙን አየችው። የዶሮ ላባውን ነካችው። የእሷን ፊት ሳነብ ኖሬያለሁ፣ ያን ቀን ግን ምን እንደምታስብ አልለየሁም። ብቻ ከምድጃው ፍም በጣሳ ስባሪ ዛቀችና ደፉ ላይ ቆመች።

«ኦቦ ቱፋ፣ እሳት ለምነው አልነበር? እንኩ። አብርተው ያሳዩኝ።»

«ኧረ ሊመሽ ነው! እሳት...» አለች እትዬ አስካለ።

«ከቤቴ መች ወጣ? እሳቸው ናቸው የሚገቡት።»

ዛሬ ሱሉልታ መብራት አላት፣ ሲኖር። ሲጠፋ የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን አብርተው ይከቡኛል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል እኔም እንደ ኦቦ ቱፋ ካለሁበት አቆማለሁ፣ ነገ ሞልተው እንዲመጡ። ያ ኩራዝ አሁንም ቁም ሳጥኔ ላይ አለ፣ ጥላው ትንሽ ዝጎ። ሰው «ከዚያ ሁሉ ምን ተማርሽ?» ይለኛል፣ አለመስረቅ ወይ አለመዋሸት እንድል ፈልጎ። እኔ የተማርኩት ወሬ መያዝ ሰው እንደሚጎዳ ነው። ዝም ብዬ አንድ ሽማግሌ ላይ ላስፈርድ ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ምንም አልይዝም፤ የሚከፋው ይከፋው።

ከሁሉ በላይ ግን የቀረልኝ የዚያ ምሽት መጨረሻ ነው። ኦቦ ቱፋ እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀመጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አዲሱ ኩራዝ ውስጥ ከዕለቱ ቅል የወጣች ትንሽ ቅቤ ተጨምራ በራች። ልጆቹ በቀዳዳው መጡ። «ዱሪ ዱሪ» አሉ፣ ከእግሩ አነሱት። እማዬ እንደማትሰማ መስላ ሽሮ ትነፋለች። ንፍሮው ላይ ሲደርሱ ወንፊቱ ቆመ። ውርንጭላው ተጠጋ። «አያ ወራቤሳ፣ ለመሆኑ እናቴ ምንህ ናት?»

ነበልባሉ ዘለለ፣ ግን አልጠፋም።

«ወራቤሳም እንባውን በነጠላው ጠረገና፣ ‹ልጄ፣ እናትህን ሁሉም ያውቃታል። ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ግን እኔ ነኝ። ከዚህ የቀረበ ዝምድና አለ?› አለው።»

እማዬ ሳቀች። እትዬ አስካለም ልትሄድ ተነስታ ከደፉ ላይ ቁጭ ብላ፣ አዎ ደፉ ላይ፣ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ውርንጭላውም ይህን ሰማና አሰበ፣ አሰበ...» አሉ ኦቦ ቱፋ። ነበልባሉ ተንጣጣ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ወደ ክሩ ወረደ። እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው «በሉ እንግዲህ...» ብለው ሊነሱ ሲሉ፣

«ይቀመጡ!» አለች እማዬ።

ብድግ ብላ የፋሲካውን ማሰሮ ከመደርደሪያው አወረደች። ክዳኑን ከፈተች፣ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተች፣ ጭብጧን ሞልታ አወጣችና ኩራዙ ላይ ጨመረችው። ከዚያ ጣቷን በፀጉሬ ላይ እየጠረገች፣

«እሺ፣» አለች፣ «ውርንጭላው ምን አለ?»